መግደርደርን የማያውቅ ልጅ

አምና በኢድ ማግስት ደሴ በሚገኘው የእናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ አቦሉ ገና መቀዳት ሲጀምር ከላይ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የእናቴ የቆዩ ወዳጅ ገቡ። ሰላምታው የወሎ ሰላምታ ነውና አጭር አልነበረም፤ የልጆች፣ የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የጤናው ነገር በየተራ ተጠይቆ ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ከተባለ በኋላ እናቴ ድፎ ዳቦ በሳህን አቀረበችላቸው። እንግዳችን አንድ ቁራሽ ቀመሱና «በቃኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ። እናቴ «ኧረ በሞቴ» ልትል ስትል፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ትርፍ ሲኒዎችን በመስመር ሲደረድር የነበረው የእህቴ ልጅ ተነሣ። ሳህኑን ከፊታቸው አነሣ፤ «በቃኝ፣ በቃኝ» የሚለውን ቃል በራሳቸው በእንግዳዋ የድምፅ ዜማ እየደጋገመ ጓዳ አስገባውና ተመልሶ ሲኒዎቹ ዘንድ ተቀመጠ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እንግዳችን ልጁን ከተወለደ ጀምሮ ስለሚያውቁት «ተዉት፣ ምን አደረገ» አሉ። እህቴ ግን ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ቀረች፤ ይህን ዝምታ በብዙ ሰው ቤት ታውቀዋለች።

በእኛ ዘንድ «በቃኝ» ያለ እንግዳ ገና አልበቃውም። እንግዳው ቢያንስ ሁለት ጊዜ እስኪለመን ይግደረደራል፤ ባለቤቷ መግደርደሩን ታውቃለች፤ እንግዳውም ማወቋን ያውቃል። እርሷ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቀች ምንም እንደማታውቅ ሆና ትለምናለች። አንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ ይህን ያህል የልብ ለልብ መተያየት አለ፤ ማንም ተቀምጦ ያስተማረን የለም፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላን ገብቶን ተገኘን። የእህቴ ልጅ ግን ቃሉን ሰማ፤ ቃሉን አመነ፤ እንደ ቃሉም አደረገ።

ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስለ እርሱ እንድጽፍ ሊፈቅድልኝም ሊከለክለኝም የሚችልበት ቋንቋ ገና በመካከላችን የለምና። ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት፣ እንዳለበት የተነገረን 6 ዓመቱ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያየው አንድ የጤና ባለሙያ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» ብሎ ሁለት ዓመት አሳልፎብናል፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ቤታችን ተበትኖ ማንም ስለ ምርመራ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም። በመጨረሻ እህቴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ ወሰደችው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተምሬ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ኦቲዝምን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ በገዛ እናቴ ቤት ሲድህ ግን አላወቅሁትም። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ስላነበብኩት የአንዲት ሴት ሥራና በዚያ ሥራ በኩል ስላየሁት ልጅ ነው።

ይህች ሴት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኡታ ፍሪዝ ናቸው፤ ጀርመን ውስጥ በ1941 ተወለዱ (የዓመተ ምሕረቶቹ አቆጣጠር ከዚህ በኋላ የአውሮፓውያኑ ነው)። በ1960ዎቹ ለሥልጠና ወደ ለንደን ሲሄዱ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ያገኙና ከዚያ በኋላ ከእነርሱ ጥያቄ አልወጡም። በዚያን ጊዜ ስለ ኦቲዝም የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ሊዮ ካነር የተባሉ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ባልቲሞር ውስጥ 11 ልጆችን ተከታትለው በ1943 ጽፈዋል፤ በማግስቱ ዓመት ቪየና ላይ ሐንስ አስፐርገር ተመሳሳይ ልጆችን ገልጸዋል። የአስፐርገርን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1991 ለብዙ አንባቢ ያደረሱት እኚሁ ፍሪዝ ናቸው። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደማያደርጉ ተጽፎ ነበር፤ ለምን የሚለው ግን ገና በግምት የተያዘ ነበር።

ግምቱም እናትን የሚያቆስል ነበር። ከካነር ጽሑፎች የተነሣና ቺካጎ ላይ ብሩኖ ቤተልሃይም ያስፋፉት አስተሳሰብ ልጁ ከሰው የሸሸው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው ይል ነበር፤ እነዚያ እናቶችም «የማቀዝቀዣ እናቶች» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ያሰብኩት እህቴን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚል ቃል አልተነገራትም፤ የተነገራት ሌላ ነው። እርጉዝ ሳለች ቀትር ላይ ወንዝ ተሻግራለች፤ ለክፎታል፤ የሰው ዓይን ነው፤ ወይም እርሷ የሠራችው አንድ ነገር አለ። ሼሁ ዘንድ ዱዓ አስደርጋለች፤ የባሏ ወገኖች ክርስቲያኖች ስለሆኑ ጸበልም ወስዳዋለች። ሁለቱም ቦታ ያሉ አባቶች በርኅራኄ ተቀብለዋታልና በእነርሱ ላይ የምለው የለኝም። ያቆሰላት ከዚያ ስትመለስ መንገድ ላይ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚላት ሰው ነው። የቺካጎው ሊቅና የሰፈሬ ሰው ተገናኝተው አያውቁም፤ ጥፋቱን ያኖሩት ግን አንድ ሴት ትከሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጆች ያሏቸውን 102 አሳዳጊዎች ጠይቆ በ2016 የታተመ ጥናት ከመቶው 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ ሐፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ነገሩን ከሰው ለመደበቅ እንደሚጥሩ አግኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ መሰለኝ፤ የማውቃቸው እናቶች ሁሉ አንድ ጊዜ ደብቀዋል።

ይህን ግምት የሰበረው የብዙ ሰዎች ሥራ ነው። በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ረተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጥንተው የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። ፍሪዝ የገቡት በሌላ በር ነው። የእርሳቸው ጥያቄ ይህ ልጅ ዓለምን ሲያይ የሚያየው ምንድን ነው የሚል ነበር።

በ1985 ከሥራ ባልደረባቸው ከአለን ሌስሊና በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪያቸው ከነበሩት ከሳይመን ባረን ኮኸን ጋር ያሳተሙት ጥናት ባለሁለት አሻንጉሊት ጨዋታ ነው። ሳሊ የተባለችው አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። እርሷ በሌለችበት አን ብይዋን ከቅርጫቱ አውጥታ ሣጥን ውስጥ ትደብቀዋለች። ሳሊ ትመለሳለች፤ ልጁም ይጠየቃል፤ «ሳሊ ብይዋን የት ትፈልጋለች?» ብይዋ አሁን የት እንዳለችና መጀመሪያ የት እንደነበረች የሚጠይቁ ሁለት ጥያቄዎችም አሉ፤ እነዚህን የተመረመሩት ልጆች በሙሉ መልሰዋል። በዋናው ጥያቄ ግን ተለያዩ። ኦቲዝምም ሌላ የእድገት ችግርም ከሌለባቸው 27 ሕፃናት 23ቱ፣ ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ ሌላ የእድገት ችግር) ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ ቅርጫቱን አመለከቱ። ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች ግን ቅርጫቱን ያመለከቱት 4 ብቻ ናቸው፤ 16ቱ ብይዋ በእርግጥ ያለችበትን ሣጥን አሳዩ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች በአጠቃላይ የአእምሮ ብስለት መለኪያ ከኦቲዝም ልጆች ያነሱ ነበሩ፤ ስለዚህ ልዩነቱ የብልጠትና የጅልነት ጉዳይ ሊሆን አልቻለም። ሰው በልቡ የያዘው ነገር ከእውነቱ ሊለይ እንደሚችል ማወቅ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። የእኛ ሰው «የሰው ሆድ አይታወቅም» ይላል፤ ይህን ለማለት ግን አስቀድሞ የሰው ሆድ ውስጥ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔም አንድ ቀን ይህንኑ በቤታችን ዕቃ ሞከርኩ። እናቴ አንድ ተምር ሙዳይ ውስጥ ከታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ተምሩን አውጥቼ የተደፋ ሰፌድ ሥር አደረግሁት። «እማማ ስትመለስ ተምሯን የት ትፈልጋለች?» ብዬ ጠየቅሁ። የ5 ዓመቷ ታናሽ እህቱ ቀድማ «ሙዳዩ ውስጥ! አላየችማ!» አለች፤ በእኔ አለማወቅም የተገረመች ትመስል ነበር። እርሱ ጣቱን ሰፌዱ ላይ አደረገ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ጣቱን ሳያነሣ ጠበቀ። መጽሐፉ እንዳለው ሆነ ብዬ ማስታወሻዬን ልጽፍ ስል እናቴ ከጓዳ ወጣች። በዚያን ጊዜ ተነሥቶ የእናቴን የእጅ አንጓ ያዘና ሙዳዩን አሳልፎ መርቶ መዳፏን ሰፌዱ ላይ አኖረላት።

ስለዚያ እጅ ብዙ አስቤያለሁ። ልጁ ጥያቄዬን ባይረዳው ነው? ወይስ እማማ የት እንደምትፈልግ ከመናገር ተምሯን እንድታገኝ መርዳት ይሻላል ብሎ ነው? አንድ ልጅ፣ አንድ ጊዜ፣ በአክስቱ ሲፈተን ከዚያ ሳይንስ አይወጣም፤ ይህን ለተማሪዎቼም የማስተምረው ነው። ነገር ግን እናቴ እንደማታውቅ ምንም ካልገባው፣ እጇን ለምን ያዘ? ወድቋል ብዬ ልጽፍበት የነበረውን ወረቀት ባዶውን አስቀምጬዋለሁ።

ፍሪዝና ተማሪዎቻቸውም ነገሩን በ«አለፈ» እና «ወደቀ» አልተዉትም። ከ20ዎቹ ልጆች አራቱ አልፈው ነበርና ጥያቄው እነዚያስ የሚል ሆነ። ፍራንቼስካ ሃፔ በ1994 ያወጡት ጥናት ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች በጣም የሚቀርብ ነው። ለደግ የተነገረ ውሸት፣ ቀልድ፣ ፈሊጣዊ አነጋገር፣ ሰው የተናገረውና የፈለገው የሚለያዩባቸው አጫጭር ታሪኮች አዘጋጅተው «ለምን እንዲህ አለ?» ብለው ጠየቁ። የአሻንጉሊቱን ፈተና ያለፉት የኦቲዝም ሰዎች እዚህ ላይ ተቸገሩ፤ መልስ አያጡም፤ የሚሰጡት ምክንያት ግን ከታሪኩ መንፈስ ጋር አይገጥምም። በ2009 ደግሞ አትሱሺ ሴንጁ ከፍሪዝና ከሌሎች ጋር አዋቂዎችን መረመሩ። እነዚህ የአስፐርገር ሲንድረም የሚባለው የኦቲዝም ዓይነት ያለባቸው አዋቂዎች ሲጠየቁ በትክክል ይመልሳሉ፤ ምንም ሳይጠየቁ ፊልም ሲያዩ ግን ዓይናቸው ባለ ታሪኳ ተሳስታ ወደምትፈልግበት ቦታ ቀድሞ አይሄድም። እንግዲህ የሚጎድለው አስቦ መድረስ አይደለም፤ አስበውበት ይደርሱበታል። ለሌላው ሰው እንደ እስትንፋስ ሳይታሰብ የሚመጣው ነገር ለእነርሱ ሥራ ነው።

የእኛ አገር ኑሮ ደግሞ ከዚህ ሳይታሰብ ከሚመጣ ነገር ያልተነካካ የለውም። ሙገሳው ሰም ለበስ ነው፤ ወቀሳው በተረት ይነገራል፤ ልመናው በምርቃት ይጀምራል፤ «ቡና ጠጥታችሁ ሂዱ» ከልብ ይሁን ከአፍ የሚለየው በድምፁ ነው። ይህን ልጅ በየቀኑ የምናስቀምጠው የሃፔ ፈተና ፊት ነው፤ መልሱንም የሚነግረው የለም።

ፍሪዝና የነርቭ ሳይንቲስት ባለቤታቸው ክሪስ ፍሪዝ ጥያቄውን ወደ አንጎል ይዘውት ገቡ። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ዚመል አሜሪካ ውስጥ የሠሩት አንድ አጭር የሥዕል ፊልም ነበር፤ በውስጡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንዲት ክብ በአንድ አራት ማዕዘን ዙሪያ ከመንቀሳቀስ በቀር ምንም የለም፤ ያየው ሰው ግን «ትልቁ ትንሹን ያሳድደዋል፣ ትንሿ ፈርታለች» ይላል። በ2002 ፉልቪያ ካስቴሊ ከሃፔና ከሁለቱ ፍሪዞች ጋር ተመሳሳይ ፊልሞችን ለአዋቂዎች እያሳዩ አንጎላቸውን በምስል ተመለከቱ። ሰው ሌላው ምን እያሰበ እንደሆነ ሲገምት አብረው የሚሠሩ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ከግንባር ጀርባ መሐል ላይ፣ ሌላው ከጆሮ በላይ የጎን አንጎል ከኋለኛው በሚገናኝበት፣ ሌላውም በጎን አንጎል የፊት ጫፍ ላይ። ተመራማሪዎች ማኅበራዊ አንጎል የሚሉት ይህን መረብ ነው። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ እነዚህ ክፍሎች የሠሩት በመጠን አንሰው ነው፤ የሚታየውን ነገር የሚቀበለው የኋለኛው የእይታ ክፍል ግን እኩል ሠርቷል፤ ከማኅበራዊው ክፍል ጋር ያለው መልእክት መለዋወጥ ነው የሳሳው። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ብዬ ነው፤ ልጁ አይቷል፤ ያየው ነገር ግን ያለ ጥረት ታሪክ አልሆነለትም።

እዚህ ላይ ስለ ዓይን ማንሣት አለብኝ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው እርሱ ነውና። የእህቴ ልጅ እስከ 4 ዓመቱ ድረስ በሰፈሩ የተመሰገነ ነበር። ትልቅ ሰው ሲያነጋግረው ዓይኑን ይሰብራል፤ አይቅለበለብም፤ ትልቅ ሰው ጨዋታ ውስጥ አይገባም። «አደብ ያለው ልጅ» ይባል ነበር፤ እናቴም በእርሱ ትኮራ ነበር። በእኛ ዘንድ ሕፃን የአዋቂን ዓይን ትኩር ብሎ ካየ ይገሠጻል እንጂ አይመሰገንም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የምልክቶች ዝርዝር ግን የተዘጋጀው ልጅ ሲያናግሩት ዓይን ለዓይን ያያል ተብሎ በሚጠበቅበት አገር ነው። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ቢሆን እናቱን ወደ ሐኪም ያስሮጥ የነበረው ምልክት ደሴ ላይ ምርቃት እያስገኘ ሁለት ዓመት ኖረ። 5 ዓመት ሲሞላው ከልጅ ሰላምታ መጠበቅ ጀመረ፤ እጅ መሳም፣ ጉንጭ ማቅረብ፣ «ደኅና ነኝ» ማለት። በዚያን ጊዜ ያው ዓይን ያው ዝምታ ስሙ ተለወጠ፤ «ስድ»፣ «ሰላም የማይል»፣ «እናቱ ያልቀጣችው»። ልጁ አልተለወጠም ነበር።

አሚ ክሊንና ዋረን ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሕፃናት ሰው የሚያነጋግራቸውን ፊልም ሲያዩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ከ2 ወራቸው ጀምሮ በመሣሪያ ተከታትለው በ2013 አሳትመዋል። በኋላ ኦቲዝም እንዳለባቸው የተረጋገጡት ሕፃናት መጀመሪያ ላይ እንደሌሎቹ ሁሉ የሰው ዓይን ይመለከቱ ነበር፤ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ግን ያ ማየት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ። ይህን ሳነብ እናቶቻችን ያን ዕድሜ ሕፃናቱን በጀርባቸው አዝለው እንደሚያሳልፉት አሰብኩ። መታዘል ኦቲዝም ያመጣል ማለቴ ፈጽሞ አይደለም፤ አያመጣም። ለማለት የፈለግሁት የሚታየው ነገር እየደበዘዘ ሳለ የሕፃኑ ፊት የሚውለው ከእናቱ ትከሻ ኋላ እንደሆነ ነው። እህቴ «እንዴት ሳላየው ቀረሁ?» እያለች ራሷን ስትጠይቅ የምመልስላት ይህንን ነው።

ፍሪዝ ከማኅበራዊው ጥያቄ ጎን ሌላ ሐሳብም አላቸው፤ እኔ የበለጠ የምወደው እርሱን ነው። አብዛኞቻችን የምናየውን ሁሉ ወደ አንድ ትርጉም እንሰበስባለን፤ ዝርዝሩን እንጥላለን። ኦቲዝም ያለበት ሰው ግን ዝርዝሩን ይዞ የመቅረት ዝንባሌ አለው። በ1983 ከአሚታ ሻህ ጋር ባሳተሙት ጥናት በትልቅ ሥዕል ውስጥ የተሸሸገ ትንሽ ቅርጽ ፈልገው እንዲያወጡ የተጠየቁ የኦቲዝም ልጆች ተመጣጣኝ የአእምሮ ብስለት ካላቸው ልጆች በልጠው ተገኝተዋል። ይህ የጉድለት ታሪክ አይደለም፤ የሌላ ዓይነት እይታ ታሪክ ነው።

እናቴ ከፈጅር ሶላት በኋላ ደጃፍ ላይ ስንደዶዋንና አክርማዋን፣ የተነከረውን አለላ በየቀለሙ ለይታ፣ ወስፌዋን ይዛ ስፌት ትሰፋለች። ልጁ ጎኗ ይቀመጣል። ከሰው ጋር ያን ያህል ሰዓት ተጠግቶ ሲቀመጥ የማየው እዚያ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት የመሶቡ ጎን ላይ ጣቱን አድርጎ አላነሣም አለ። እናቴ እጁን ገፋ አደረገችው፤ መልሶ እዚያው አኖረው። ትበሳጭና ተመልሳ ስትቆጥር፣ ከሦስት ዙር በፊት ቀዩ አለላ በአንድ ጥልፍ በዝቶ የአበባው ቅርጽ መሳብ ጀምሮ ነበር። ሌላ ሦስት አራት ዙር ካልሄደ በስተቀር ለማንም ዓይን የሚታይ አልነበረም። እናቴ ምንም ሳትል ሦስቱን ዙር ፈታችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ቀለም ከማስገባቷ በፊት ስፌቱን ወደ እርሱ ጠጋ ታደርገዋለች።

እዚህ ላይ ከ1985ቱ ጥናት ጋር ያለኝን ክርክር መናገር ይገባኛል። ያ ጥናት እናቶችን ከጥፋተኝነት ያወጣ በመሆኑ ሁልጊዜ ባለ ዕዳው ነኝ። ነገር ግን ፈታኙ ሁልጊዜ እኛ፣ ተፈታኙ ሁልጊዜ እርሱ ነው። ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ዴሚያን ሚልተን በ2012 ይህንኑ አንሥተዋል፤ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት ሳይሆን የሁለት ወገን ነው፣ እነርሱ የእኛን ልብ ማንበብ እንደሚቸገሩ ሁሉ እኛም የእነርሱን ማንበብ አንችልም አሉ። ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባወጡት ጥናት 72 አዋቂዎችን በስምንት ስምንት ሰው አሰልፈው አንድ ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው አስተላለፉ። ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው በሆኑበት ሰልፍ ታሪኩ ሁሉም በሌለባቸው ሰልፍ እንደተላለፈው ያህል ተላለፈ፤ ብዙ የጠፋው ሁለቱ ወገን በተቀላቀሉበት ሰልፍ ላይ ነው።

የወሎ ሰው ሌላውን በማንበብ ይኮራል። እንግዳ ሳይናገር መራቡን፣ ሐዘንተኛ ሳያለቅስ መጎዳቱን፣ የሚጋባው ልጅ ሳይጠየቅ ማንን እንደወደደ እናውቃለን እንላለን፤ እውነትም ብዙ ጊዜ እናውቃለን። ይህ ሁሉ ችሎታ አንድ ልጅ ጣቱን መሶብ ላይ አኑሮ የሚለውን ለማወቅ ለምን ሦስት ዓመት ፈጀብን? እህቱ 5 ዓመቷ ላይ የምታውቀውን እርሱ አያውቅም ስንል ከረምን፤ እርሱ የሚያውቀውን ግን እኛ አናውቅም ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ፈተና ያዘጋጀልን የለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ነገር ተሸክመው በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ስሙን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ስሙን መስማትና ልጁ «በቃኝ» የሚለውን ቃል እንዳለ እንደሚያምን አውቆ መናገር ግን ገና የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

ዘንድሮ በኢድ እኚያው የእናቴ ወዳጅ መጡ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ፤ ዳቦው ቀረበ፤ አንድ ቁራሽ አነሡና በልማድ «በቃኝ» ብለው ጀመሩ። ልጁ ከጥግ ተነሣ። እጁ ሳህኑ ላይ ሳለ እንግዳችን እጃቸውን በእጁ ላይ አደረጉ፤ እንዲህ መነካት እንደማይወድ ትዝ ብሏቸው ወዲያው አነሡት። ከዚያ በቀስታ፣ እንደዚህ ብለው በሰው ቤት ተናግረው የማያውቁት ሴት፣ «አልጠገብኩም ልጄ፤ ጨምርልኝ» አሉት።

ቆሞ ለአፍታ አሰበ። ሳህኑን አስቀመጠና «ጨምርልኝ፣ ጨምርልኝ» የሚለውን በእንግዳዋ ዜማ እየደጋገመ ወደ ጓዳ ሄደ፤ ሙሉውን ድፎ ታቅፎ ወጣ።